ግራውን ይወዳል

ያወቅኳት በፊቷ አይደለም። ፊቷን ዘመን ወስዶታል፤ የእኔንም ወስዶታል፤ በዚህ አልከሰውም፣ ለሁላችንም እኩል ነው የሚያደርገው። ያወቅኳት በክንዷ ነው። የልጅ ልጄን ሰላማዊትን ተከትዬ፣ የእሷን ሕፃን ለስድስት ሳምንቱ ክትባት ይዘን፣ ዲላ ውስጥ አንድ ጤና ጣቢያ በረንዳ ላይ ወረፋ እንጠብቃለን። ከውስጥ መርፌ የተወጋ ሕፃን አንዴ ጮኸ። በረንዳው ላይ ካሉት እናቶች ግማሾቹ ወተታቸው እንዳይፈስ በመዳፋቸው ጡታቸውን ያዝ አደረጉ። ከአግዳሚው ጫፍ የተቀመጠች አንዲት ሽበታም አሮጊት ግን የቀኝ ክንዷን አንስታ ደረቷ ላይ በአግድም ጫን አደረገችው፤ ግራ ዓይኗን ጨፍና እስኪያልፍ ጠበቀች። ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ክንዷን አውርዳ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ደረት ወተት ከወጣ ስንት ዘመን አልፎታል። በመዳፍ ሳይሆን በክንድ መጫን የቡና ለቃሚ ሴት ብልሃት ነው፤ እጅ ፍሬ ላይ ስለሚሆን። ግራ ዓይኗን ጨፍና የምትጫን ግን አንዲት ሴት ብቻ ነው የማውቀው። አየለች ናት።

ተነስቼ ስሟን መጥራት ነበረብኝ። ሻሼን ወደ ግንባሬ ሳብ አደረግሁና አንገቴን ደፋሁ። እኔን ዘውዴን የሚያውቅ የዲላ ሰው ይህን ቢሰማ አያምንም። በዘይት ወረፋ ላይ ከፊቴ የገባን ሰው በአደባባይ አስወጥቻለሁ፤ ተማሪዋን አውርዶ ነጋዴውን የጫነውን ባጃጅ ከፊቱ ቆሜ አላሳልፍም ብያለሁ። ያን ቀን ግን የሕፃኑ ስም ሲጠራ ከሰላማዊት ኋላ ተደብቄ ገባሁ፤ ስንወጣ አግዳሚው ባዶ ነበር።

ቤት እንደገባን ሰላማዊት ዓይን ዓይኔን አየችኝና «እማማ፣ አመመሽ እንዴ? ከጤና ጣቢያ ጀምሮ ዝም ብለሻል» አለችኝ። የእኔ ዝምታ በዚህ ቤት እንደ በሽታ ነው የሚታየው። የቡላ ገንፎ ላገነፋላት ወደ ጓዳ ገባሁ፤ ሳማስል ግን ሐሳቤ ጓዳ ውስጥ አልነበረም።

ያን ጊዜ ዲላ አንድ መንገድ ነበረች ማለት ይቻላል። ከአዲስ አበባ የሚመጣው መንገድ መሀሏን ሰንጥቆ ወደ ሞያሌ ያልፋል። ባጃጅ የለ፣ ዩኒቨርሲቲ የለ፤ ዝናብ ሲጥል ቀዩ ጭቃ ኮንጎ ጫማችንን እየጎተተ ያስቀርብናል፤ ጫማውን ከጭቃ የሚያወጣ እንጂ የሚስቅ አልነበረም፣ ሁሉም ተራው ይደርሰዋልና። ዳቦ በአስር ሳንቲም፣ ሻይ በስሙኒ። ባለ አበባ የቴትሮን ቀሚስ ያላት ሴት እሑድ እሑድ ብቻ ትለብሰዋለች፤ እኔ የነበረኝ ሰማያዊ ሆኖ ነጭ አበባ ነበረው፣ ቁራጩ ዛሬም ሣጥኔ ውስጥ አለ። ከመጋዘኑ ማዶ ያለው ሻይ ቤት በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ራዲዮ ነበረው። ስለ ሄደ ወዳጅ የሚያለቅስ ዘፈን ሲመጣ ባለቤቱ ለእኛ ብሎ ድምፁን ከፍ ያደርገዋል፤ ዜና ሲጀምር ዝቅ ያደርገዋል። ለምን ዝቅ እንደሚያደርገው የሚጠይቅ አልነበረም።

መጋዘኑ የቆርቆሮ ነበር። ከጨለለቅቱ፣ ከፍስሐ ገነት፣ ከዚያ ሁሉ ዳገት የሚወርደው ቡና እዚያ ይራገፋል፤ እኛ ሴቶች በረድፍ መሬት ላይ ቁጭ ብለን ከፊታችን ክምሩን አድርገን ጥቁሩን፣ ስባሪውን፣ ነቀዝ የበላውን እንለቅማለን። ጣት ብቻ ነው የሚሠራው፤ አፍ ነፃ ነው፣ ስለዚህ ወሬያችን ከቡናው ይበልጥ ነበር። በሩ አጠገብ ካለው ዋርካ ላይ የጭነት መኪና ቸርኬ ተሰቅሏል። ዘበኛው በብረት ሲመታው እንገባለን፣ ሲመታው እንወጣለን፤ ረፋድ ላይ ሲመታው ደግሞ የምታጠባ ሴት ወጥታ ታጠባለች። ከቸርኬው በፊት መነሳት ክልክል ነው። ስምንት ሕፃናት ከአጥሩ ውጭ፣ ከእንሰቱ ጥላ ሥር በጨርቅ ላይ ይተኛሉ፤ ዓይኗ የፈዘዘ አንዲት ባልቴት ትጠብቃቸዋለች። ቆርቆሮው ስስ ነው፣ ጩኸታቸው ይገባል። ቸርኬውና ልጆቹ አንድ ቀን ተስማምተው አያውቁም። አንዱ ልጅ ሲጮህ የስምንቱም እናቶች ቀሚስ ይርሳል። ልጁ የእኔ ነው፣ የእሷ ነው ብሎ የሚመርጥ ጡት የለም።

ካቦው ቀጭን፣ ካኪ ለባሽ ሰው ነበር። ክፉ ነበር አልልም፤ በእሱም ላይ ካቦ ነበረበት። የረጠበ ቀሚስ ያየባትን ሴት ግን «ልብሽ ውጭ ነው» ይልና አቧራው ወደሚበዛበት ወደ ኋላ ግድግዳ ይሰዳታል። እኔን የላከኝ ቀን «ልቤ ውጭ ከሆነ ልጄን አስገባልኝ፣ ልቤም አብሮ ይገባል» አልኩት። ሴቱ ሁሉ ሳቀ። ሳቁ ነው የጎዳኝ። «ሌላ አንድ ቃል ከወጣሽ መንገዱ ያውልሽ» አለኝ። ባሌ ወደ ሞያሌ በሚሄድ መኪና ላይ ረዳት ነበር፤ ሲመጣ ይመጣል፣ ሲቀር ይቀራል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ካቦው ባለፈ ቁጥር ዛሬ አባረረኝ እያልኩ አንገቴን እደፋለሁ፤ ረፋድ ላይ ቸርኬው ተመትቶ ልጄን ተስፋዬን ሳቅፈው ይጠባል፣ ይጠባል፣ ምንም የለም። በሳምንቱ የልጁ አናት ጎደጎደ፤ ልቅሶው እንደ ድመት ልጅ ቀጠነ።

ገንፎውን ለሰላማዊት ሳቀርብላት ይህን ብቻ ጠየቅኳት፤ ሴት ስትፈራ ጡቷ ይሰማል ወይ? እሷ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተማሪ ናት፤ የወሊድ ፈቃድ ላይ ብትሆንም ማስተማር ናፍቋታል መሰለኝ፣ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ሰውነት ተቆጥረው ከማያልቁ ሴሎች የተሠራ ነው አለችኝ፤ እያንዳንዱ ሴል በሩን የዘጋ ቤት ነው፣ እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት ግን በመልእክት ነው። ልጅ ሲጮህ ጆሮ ለአንጎል ይነግራል፤ ከአንጎል ሥር ሽምብራ የምታህል እጢ አለች፣ እሷ ኦክሲቶሲን የሚባለውን መልእክተኛ ደም ውስጥ ትለቀዋለች። መልእክተኛው በደም ተሳፍሮ በየበሩ ያልፋል። በሩ ላይ የእሱ ተቀባይ የሌለው ሴል አይሰማውም፤ ተቀባይ ያለው ይሰማና ሥራውን ይሠራል። በጡት ውስጥ ያሉት ሴሎች ሲሰሙ ይጨማደዱና ወተቱን ይገፉታል።

ቀበሌ በማይክ እየዞረ ሲያስታውቅ እንደማለት ነው አልኳት። ሁሉም ደጅ ያልፋል፣ ጉዳዩ የሆነ ብቻ ይወጣል።

«ልክ እንደሱ፤ ለክፍሌም በዚሁ ነው የማስተምረው» አለች። ፍርሃትና ንዴት ደግሞ ሌላ መልእክት ይልካሉ፤ ሽሺ፣ ተዋጊ የሚል ነው፤ ያኛው ሲበረታ የጡቱ መልእክት በወጉ አይለቀቅም፤ ወተቱ ካለም ተይዞ ይቀራል። ልጁ ካልጠባ ደግሞ «ነገም ሥሪ» የሚለው ሌላኛው መልእክት ስለማይሄድ እየቀነሰ ይመጣል። በዚህ ዕድሜዬ ይህን ስሰማ ተናደድኩ። ያን ጊዜ የባሌ እናት ጡቴ የደረቀው ምላሴ ስለሚረዝም ነው ብላ ስትሰድበኝ አምኛት ነበር።

አየለች ከጎኔ ነበር የምትለቅመው። ከጨለለቅቱ በላይ ካለ መንደር የመጣች የጌዴኦ ልጅ ናት፤ በእኔ ዕድሜ፣ ቸርች የምትሄድ፣ ሻሿን ሁልጊዜ ከአንገቷ ኋላ የምታስር። አማርኛዋ የዚያ አገር ነው፤ ወንዱንም ሴቱንም አንተ ትላለች፣ አርመናት ተደናግራ ካቦውን አንቺ ያለችው ቀን የሳቅነውን ሳቅ አልረሳውም። ሴት ልጅ ወልዳ በአርባ ቀኗ ቀብራለች፤ በሁለተኛው ሳምንት ሥራ ገባች። ከአጥሩ ውጭ ልጅ የላትም። ግን የማንም ልጅ ሲጮህ የእሷም ቀሚስ ይርሳል። በክንዷ ትጫነዋለች፣ ግራ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ደረቷን በመቀነት ታስራለች፤ ይርሳል። ማን እንደጀመረው አላውቅም፣ የሞተ ልጅ ወተት ሌላ ልጅ ይጠራል የሚል ወሬ በረድፉ ተዛመተ። አንድ አንድ እያሉ ክምራቸውን ከእሷ ራቅ አደረጉ። እኔ አልራቅኩም፤ ግን ፍትሕ ገብቶኝ እንዳይመስላችሁ፣ ካቦው ያስቀመጠኝ እዚያ ስለሆነ ነው።

ለሰላማዊት ይህንንም ጠየቅኳት። ልጅቷ ሞታለች፣ ለማን ብሎ ነው የሚመጣው? የልጅ ልጄ የተኛውን ሕፃኗን እያየች «እማማ፣ ለሴሎቹ መርዶ የሚነግራቸው የለም እኮ» አለችኝ። ጥሪው ከቀረ ቀስ በቀስ ይተዋሉ፤ ከተጠሩ ይመልሳሉ። እሷን ደግሞ በየቀኑ ስምንት ልጅ ይጠራት ነበር። እኛ እርግማን ያልነው ይህንን ነው። የተጠራ ሲመልስ አይተን ነው ሴትዮዋን የሸሸናት።

አንድ ረፋድ ላይ ተስፋዬ ማልቀሱን ተወ። ታቅፌው ቁጭ ብያለሁ፤ አየለች መጣችና ከፊቴ ቆመች። ቀሚሷ እስከ ወገቧ ርሷል። «ስጠኝ» አለች። ወሬውን ሰምቻለሁ፣ ፈርቻለሁም፤ ግን የልጄ ከንፈር ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር። ሰጠኋት። ከእንሰቱ ጀርባ ይዛው ገባች፤ ሲውጥ ድምፁ ተሰማኝ። ያን ድምፅ ከዚያ በኋላ የሰማሁት ዘፈን ሁሉ አልደረሰበትም። ካጠባችው በኋላ መልሳ እኔ ላይ ታደርገዋለች፤ ባይመጣም ይጠባ፣ ጡት በጠባው ቁጥር ያስታውሳል ትለኛለች። እንዲህ እያደረግን ከሦስት ሳምንት በላይ ሄድን። የልጁ አናት ሞላ። አንድ ጠዋት ውጭ ሕፃን ሲጮህ የእኔም ቀሚስ ረጠበ፤ በአቧራው መሀል በክንዴ ተጭኜ አለቀስኩ፤ አየለች ከጎኔ እየለቀመች ቀና ሳትል ሳቀች። ሰላማዊት የዛሬ ትምህርቷን ስትነግረኝ አየለች ያለ መጽሐፍ ያወቀችው ነገር መሆኑን አየሁ።

ከእንሰቱ ጀርባ ያያት ሰው ለካቦው ነገረ። ቸርኬው ሳይመታ ሥራ አስቆመና አየለችን መሀል ላይ አቆማት። ሴቶቹ ልጆቻችንን ልትጨርስ ነው እያሉ ነው፤ ፊታቸውን አየሁት፣ እናቶች ናቸው፣ ፈርተዋል። ካቦው «ያጠባሽው የማን ልጅ ነው?» አላት። እሷ ወደ እኔ ዞራ እንኳ አላየችም። ወደ እኛ ዞረና «የማን ልጅ ነው?» አለ።

እጄ ቡናው ውስጥ ነበር። ጥቁር ፍሬ ለቀምኩ፣ ሌላ ጥቁር ፍሬ ለቀምኩ። ብናገር እኔም እባረራለሁ፤ ልጄንም እንደተነካ ይሸሹታል፤ የባሌ እናት ትሰማለች። በሰው ጉዳይ ሁሉ የምትጮኸው ዘውዴ በራሷ ልጅ ጉዳይ ለቀማዋን ቀጠለች። ካቦው በሩን አሳያት፤ አየለች ነጠላዋን አነሳች። በእኔ በኩል ስታልፍ እንደወደቀ ነገር የምታነሳ መስላ ጎንበስ አለችና «ሁለቱንም አጥባው፤ ግራውን ይወዳል» አለችኝ። ይኸው ነው። ቂም የለበት፣ ለምን የለበት። ወጣች።

ከዚያ የባሰውን ደግሞ ልንገራችሁ፤ ከጀመርኩ አልቀር። ጥያቄ እንዳይመጣብኝ ተስፋዬን ወደ አጥሩ ማምጣት ትቼ ከእናቴ ጋር ቤት አዋልኩት። ልጁ ሲጠፋባቸው ሴቶቹ የአየለች ወተት የጠባው ልጅ ሞተ ብለው አወሩ። ወሬው በጭነት መኪናው ተሳፍሮ ጨለለቅቱ እንደደረሰም ሰማሁ። አላስተባበልኩም። ልጄ ቤት ውስጥ እየዳኸ ነበር፤ እኔ ግን በሰው አፍ እንዲሞት ተውኩት፤ እሷም በዚያ አፍ ነው የሰማችው።

ይህን ሁሉ በእሑድ ምሳ ላይ ለተስፋዬ ነገርኩት። ልጄ አሁን የአይሱዙ ሾፌር ነው፤ ጢሙ ሸብቷል፣ በር ሲገባ ጎንበስ ይላል። የሰላማዊት አባት ነው፤ አያትም ሆኗል። ጉርሻውን መለሰው። «አንቺ ነሽ ዝም ያልሽው?» አለኝ። ብዙ ሰው ብዙ ብሎኛል፣ እንደዚህ ያለ አላለኝም። ከዚያ ቀጣዩ ክትባት መቼ ነው ብሎ ልጁን ሰላማዊትን ጠየቃት። ክትባት በየአራት ሳምንቱ ነው፤ አየለችም የልጅ ልጇን ለዚያው ለስድስት ሳምንቱ ይዛ ከነበረ በዚያው ቀን ትመጣለች ስንል ገመትን። አራቱን ሳምንት እንዴት እንደቆጠርኳቸው እኔ አውቃለሁ። ትታመም ይሆን፣ ከጨለለቅቱ መንገዱ ይከብዳት ይሆን፣ ምናልባትም ሌላ ሴት ነበረች እያልኩ።

በቀኑ ተስፋዬ ጢሙን አስተካክሎ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። በረንዳው እናቶችና ሕፃናት ሞልተውበታል፤ እሱ የሚቆምበት ጠፍቶት መተላለፊያው ላይ እንደ ምሰሶ ቆመ። አየለች የለችም። አንድ ሰዓት ሄደ። የእኛ ስም ሊጠራ ሁለት ሰው ሲቀረው አንዲት ወጣት ሕፃን ታቅፋ ከባጃጅ ወረደች፤ ከኋላዋ፣ ምርኩዟን እያስቀደመች፣ እሷ። መጥታ እንደ ባለፈው ከአግዳሚው ጫፍ ተቀመጠች። እኔ ሻሼን ወደ ግንባሬ ሳብኩ፤ ልዋሻችሁ አልፈልግም፣ ዳግመኛም ዝም ልል ነበር።

ነርሷ መዝገቧን ይዛ ብቅ አለች። ተስፋዬ በሩን ዘግቶባታል። ያለ ክፋት፣ እየሳቀች፣ «እናቶች፣ እኚህ ሰውዬ የማን ናቸው?» ብላ ጠየቀች።

ጥያቄውን አውቀዋለሁ። ያን ሁሉ ዘመን አብሮኝ ኖሯል። ተነሳሁ።

«የእኔ ነው» አልኩ፤ ድምፄ ግቢውን ሞላው። «ወተቱ ግን የእሷ ነው። የእኔ ሲነጥፍ ያጠባችው እሷ ናት። በእሱ ነው ከሥራ የተባረረችው። የማን ልጅ ነው ሲባል ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። አየለች፣ ልጁ አልሞተም።»

አየለች እኔን አላየችኝም። እሱን ከጫማው ጀምራ ወደ ላይ እያየች እስከ ጢሙ ደረሰች።

«ያ ነው?» አለች።

«ያ ነው።»

«ሞተ አሉኝ እኮ።»

«ሰምቻለሁ። አላስተባበልኩም።»

አሁን ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗ ያው ነው፤ ዘመን ያልወሰደው እሱን ነው። «ዘውዴ፣ አንተ ለሰው ሁሉ ትጮህ ነበር። ያን ቀን ጉሮሮህን ምን ነካው?»

«ፈርቼ ነው» አልኳት።

«እኔም ፈራሁ» አለች አየለች። «ጨለለቅቱ ሦስት ወለድኩ። ሦስቱንም ሳጠባ ወተቴ ይገድላቸዋል ብዬ ፈራሁ።»

በሕይወቴ ብዙ ፍርድ ሰምቻለሁ፤ ራሴም ብዙ ፈርጃለሁ። እንደዚያ አጭርና እንደዚያ ትክክል የሆነ አልሰማሁም። ተስፋዬ ነው የተንቀሳቀሰው። ሄዶ ተንበረከከና ጉልበቷን ሳመ፤ እሷም ጎትታ አናቱን ዳሰሰችው፣ መሀሉን፣ ያኔ ጎድጉዶ የነበረውን ቦታ፤ ሞልቶ እንደሆነ የምታረጋግጥ ትመስል ነበር። ያን ጊዜ ከውስጥ አንድ ሕፃን ጮኸ። የአየለች ክንድ ተነሳ፤ መንገድ ላይ ግን ቆመ፤ ደረቷ ላይ ሳይደርስ ወረደና አግዳሚው ላይ ያለውን የልጅ ልጇን ጨርቅ ጠጋ አደረገ።

«ተነስ፣ ሱሪህ ቆሸሸ» አለችው። ያስለቀቀችውን ቦታ በመዳፏ መታ መታ አደረገች። «ና፣ እዚህ፤ በግራዬ።»

ጢሙ ለሸበተው ልጄ ቦታው ጠባብ ነበር። ትከሻውን ሰብስቦ በግራዋ ተቀመጠ።